ምልክቱን ማን ያነበዋል?

በቢጫ መደብ ላይ የተሣለ ጥቁር ምልክት ነው። በመካከሉ አንዲት ትንሽ ክብ ነጥብ፣ በነጥቧ ዙሪያ ደግሞ እንደ ክንፍ የተዘረጉ ሦስት ቅጠሎች አሉት። የፊዚክስ ተማሪ የሆነ ሁሉ ከቤተ ሙከራ በር ላይ ያውቀዋል። ይሁንና ምልክቱን ከዚህ ቀደም አይቶት ለማያውቅ ሰው ብታሳዩት፣ የአየር ማራገቢያ ነው የሚል፣ የሞተር ክንፍ ነው የሚል፣ አበባ ነው የሚል ይኖራል። በማንኛቸውም ላይ መፍረድ አይቻልም፤ ምልክቱ በእርግጥም እነዚህን ይመስላልና። ምልክቱ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1946 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በበርክሌይ በሚገኘው የጨረራ ቤተ ሙከራ ነው። በዚያ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ጨረራ ምን እንደሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ ስለነበር ሦስቱ ክንፎች ለእርሱ በቂ ማስታወሻ ነበሩ። ለሚያውቅ ሰው ማስታወሻ የሆነ ነገር ግን ለማያውቅ ሰው ማስጠንቀቂያ አይሆንም።

ችግሩ ቴክኖሎጂ በተወለደበት ቤት የማይቀመጥ መሆኑ ነው። ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ሆስፒታል ይገባል፤ ከሆስፒታል ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ ቁርጥራጭ ብረት ክምር ይሄዳል። እጅ በለወጠ ቁጥር ስለ እርሱ የሚያውቀው ሰው ቁጥር እያነሰ ይመጣል፤ አደጋው ግን በዚያው ልክ አያንስም። በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ሐሳብ ይኸው ነው። የቴክኖሎጂ ደኅንነት የመሐንዲስ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የንባብ ጉዳይ ጭምር ነው። አደገኛ መሣሪያ ወደ አንድ ኅብረተሰብ ሲገባ ቋንቋው አብሮት ካልገባ፣ ያ ኅብረተሰብ ፊደል የቆጠረ ቢሆንም እንኳ በዚያ ጉዳይ ማይም ይሆናል። ማይም ያደረገውም ስንፍናው ሳይሆን፣ የሚያውቁት ሰዎች ዝምታ ነው።

ለዚህ አባባል ማስረጃ ከሚሆኑት ታሪኮች ሁሉ እኔ ደጋግሜ የምመለስበት በብራዚል፣ በጎያኒያ ከተማ የደረሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 መጨረሻ ገደማ አንድ የግል የጨረራ ሕክምና ተቋም ወደ አዲስ ሕንፃ ሲዛወር የኮባልት-60 መሣሪያውን ይዞ ሄደ፤ የሴሲየም-137 መሣሪያውን ግን ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሳያሳውቅ በአሮጌው ሕንፃ ተወው። ሕንፃውም ቆይቶ በከፊል ፈረሰና ማንም ሊገባበት የሚችል ፍርስራሽ ሆነ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 1987፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ሁለት ወጣቶች ውድ ብረት ይገኝበታል ብለው ወደዚያ ገቡ። የመሣሪያውን ራስ ፈትተው በእጅ ጋሪ ወደ ቤታቸው ወሰዱት።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን ወጣቶቹ በጋሪ የገፉት ነገር ምን እንደነበረ እንመልከት። በወፍራም የብረት መከለያ ውስጥ የተቀመጠው ራዲዮአክቲቭ ነገር መቶ ግራም እንኳ አይሞላም፤ 93 ግራም ያህል ነበር። ነገር ግን በዚያች ጥቂት ግራም ውስጥ በእያንዳንዷ ሰከንድ ወደ 50 ትሪሊዮን የሚጠጉ የሴሲየም ኑክሊየሶች እየፈረሱ ጋማ ጨረር ይለቅቁ ነበር። ሴሲየሙ የተቀመጠው ከክሎሪን ጋር ተዋሕዶ፣ በጨው መልክ ነው። የኤለመንቶችን ሰንጠረዥ የሚያስታውስ ተማሪ ሴሲየምን ከሶዲየምና ከፖታሲየም በታች በዚያው ዐምድ ያገኘዋል። ስለዚህ ሴሲየም ክሎራይድ የገበታ ጨው የቅርብ ዘመድ ነው፤ እንደ ጨው ይፈጫል፣ እንደ ጨው በውኃ ይሟሟል፣ በእጅ ላብ ይጣበቃል። ሰውነታችንም ሴሲየምን እንደ ፖታሲየም ቆጥሮ ወደ ሥጋችን ያስገባዋል። ኮባልት ቢሆን ኖሮ ጠጣር ብረት ነውና እንዲህ ባልተበተነ ነበር። የመሣሪያው ሠሪዎች ጨውን ሲመርጡ ያሰቡት ታሽጎ ስለሚኖርበት ዘመን ብቻ ነው፤ አንድ ቀን በጠመንጃ መፍቻ የሚበሳው ሰው ይመጣል ብለው አላሰቡም።

መጣ። ከወጣቶቹ አንዱ የብርሃን መስኮት የምትመስለውን አንድ ሚሊ ሜትር የማትሞላ ወይም እርሷን ያህል የምትሆን ስስ ብረት በሳት። ሁለቱም ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ያስታውካቸው ነበር፤ አንደኛው ሐኪም ዘንድ ቢሄድ የተበላሸ ምግብ ያስከተለው አለርጂ ነው ተባለ። በ18ኛው ቀን ዕቃውን ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጡት። ነጋዴው ሌሊት ወደ መጋዘኑ ሲገባ ከብረቱ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን ሲወጣ አየ። በተረቶቻችን ውስጥ በጨለማ የሚያበራ ዕንቍ ምን ያህል እንደሚመኙት የምናውቅ ሰዎች ነጋዴው የተሰማውን ለመረዳት አይቸግረንም። ብርሃኑ ውድ ነገር፣ ምናልባትም ከሰው በላይ የሆነ ነገር መሰለው። ወደ ቤቱ አስገባው፤ ወዳጅ ዘመድ መጥቶ አየለት፤ የሩዝ ፍሬ የሚያህለውን ቅንጣት ለየሰው አደለ። እንደ በዓል ጌጥ ገላቸውን የተቀቡ ነበሩ። ወንድሙ ወደ ቤቱ የወሰደውን ዱቄት ገበታ ላይ አኖረው፤ የስድስት ዓመት ሴት ልጁ በዱቄቱ ስትጫወት በነበረው እጇ ምግብ በላች።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሳይንስ የሠራ አንድ ሰው ቢኖር የነጋዴው ባለቤት ናቸው። ወይዘሮዋ ስለ አቶም የተማሩት ነገር አልነበረም። ግን ቤተሰባቸውና ጎረቤቶቻቸው አንድ በአንድ ሲታመሙ ልብ አሉ፤ የታመሙት ሁሉ የሚጋሩት ነገር ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ መልሱ ዱቄቱ ሆነ። ሴፕቴምበር 28 ቀን ከአንድ ሠራተኛ ጋር ሆነው የቀረውን በከረጢት ከተው፣ በአውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ከተማው የጤና ቁጥጥር ቢሮ ወሰዱትና በሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ይህ ነገር ቤተሰቤን እየገደለ ነው ብለው ተናገሩ። ማስተዋል፣ ማነጻጸር፣ መላ ምት፣ ማስረጃ ማቅረብ፤ እኛ በአንደኛ ዓመት ኮርስ ስለ ሳይንሳዊ ዘዴ የምናስተምረው ይህንኑ ነው። ወይዘሮዋ ከሳምንታት በኋላ ሞቱ።

በማግሥቱ የሆነውን ደግሞ ተመልከቱ። በከተማው በእንግድነት የነበረ አንድ የፊዚክስ ባለሙያ ተጠርቶ የዩራኒየም ፍለጋ ከሚያካሂድ መሥሪያ ቤት የጨረራ መለኪያ ተዋሰ። በመንገድ ላይ ሲከፍተው ጠቋሚው እስከ መጨረሻው ተወርውሮ ቆመ፤ ወደየትም አቅጣጫ ቢያዞረው አልመለስ አለ። ባለሙያው መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ሊያመጣ ተመለሰ። ሁለተኛውም ያንኑ ሲያሳይ ነው እውነቱ የገባው። ወደ ጤና ቢሮው ሲደርስ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከረጢቱን አንሥተው ወንዝ ሊጥሉት ተዘጋጅተው ነበር፤ በጊዜው ደርሶ አስቆማቸው። በውኃ የሚሟሟ የሴሲየም ጨው በወንዝ ውስጥ!

እንግዲህ በጎያኒያ ማይም የነበረው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ለተማሪዎቼ ሳቀርብ አብዛኞቹ ሳያመነቱ ብረት ለቃሚዎቹን ይጠቁማሉ። እኔ አልስማማም። ምልክቱን ማንበብ የሚችሉት፣ የግማሽ ዕድሜን ስሌት የሚያውቁት፣ ፈቃድ የፈረሙት ሰዎች መሣሪያውን ትተውት ሄዱ። ሐኪሙ የጨረራ ሕመምን የምግብ መመረዝ አድርጎ አነበበው፤ በኋላም ሕሙማኑ ወደ ቆላ በሽታዎች ሆስፒታል ነበር የተላኩት። ባለሙያው እውነት የተናገረውን መሣሪያ ሐሰተኛ አለው፤ እርሱ ግን ቢያንስ ደግሞ ለካ። ብረት ለቃሚዎቹ ሊያነቡት የሚችሉት ነገር ማንም አልጻፈላቸውም ነበር። ያልተጻፈ ደብዳቤ አላነበብክም ተብሎ ሰው አይወቀስም።

አደጋው ያስከተለው ጉዳት በቁጥር ሲገለጥ ይህን ይመስላል። 112,000 ያህል ሰዎች በስታዲየም ተሰልፈው ተመረመሩ፤ 249ኙ ላይ የሴሲየም ብክለት ተገኘ፤ አራት ሰዎች በዚያው ወር ውስጥ ሞቱ። እነርሱም ወይዘሮዋ፣ ሕፃኗና በመጋዘኑ የሚሠሩ የ22 እና የ18 ዓመት ወጣቶች ናቸው። ሰባት ቤቶች ፈረሱ፤ 3,500 ሜትር ኩብ የሚሆን አፈርና ፍርስራሽ ተጠርጎ ተከማቸ። ለ46 ሕሙማን የተሰጠው መድኃኒት ሠዓሊዎች የሚያውቁት የፕሩሺያ ሰማያዊ የሚባለው ቀለም መሆኑን ስነግራችሁ ትደነቁ ይሆናል። ቀለሙ በአንጀት ውስጥ ሴሲየምን ይዞ ያስወጣል። ቅንጣት ታህል ኬሚስትሪ የምትጠላ ካለህ ይህችን አስታውስ።

ከቁጥሮቹ ውጪ የቀረ አንድ ነገር አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደኝ እርሱ ነው። የሕፃኗ አስከሬን በእርሳስ በተለበጠ ሣጥን ለቀብር ሲመጣ ከሁለት ሺህ የማያንስ ሕዝብ ቀብሩን ለማገድ ወጣ፤ ድንጋይም ተወረወረ። የጎያኒያ ሰዎች በሌሎች ከተሞች ሆቴል ተከለከሉ፤ የአካባቢው የእርሻ ምርት ገዢ አጣ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ጨረራ የሚባል ነገር መኖሩን ያላወቀ ኅብረተሰብ አሁን ቃሉን ዐወቀ፤ ፍቺውን ግን አላወቀም። ከማይምነት የባሰው ይህ ግማሽ ንባብ ነው። በመጀመሪያ ሊፈራ የሚገባውን ሳይፈራ ቀረ፣ ቀጥሎም ሊፈራ የማይገባውን ፈራ።

ጉዳዩ የብራዚል ብቻ አይደለም። ካንሰር ታሞ በጨረር የሚታከም ዘመድ ያላቸው ሰዎች፣ ሕመምተኛው ልጆቹን ማቀፍ ይችል እንደሆነ፣ ዕቃው ይለይ እንደሆነ በምሥጢር ጠይቀውኛል። መልሱ ቀላል ነው፤ በየሰፈሩ ቢነገር ብዙ ኀዘን ያስቀራል። በጨረር መመታትና በራዲዮአክቲቭ ነገር መበከል የተለያዩ ናቸው። ከውጭ በመሣሪያ በሚላክ የጋማ ወይም የኤክስ ሬይ ጨረር የታከመ ሰው መሣሪያው እንደጠፋ በውስጡ የሚቀር ጨረራ የለውም፤ ፀሐይ የሞቀ ሰው ጥላ ውስጥ ሲገባ ብርሃን ይዞ እንደማይገባ ሁሉ። ያቅፍ፣ ይሳም፣ አብሮ ይብላ። ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ራዲዮአክቲቭ መድኃኒት በአፍ ወይም በመርፌ ለወሰደ ወይም በገላው ውስጥ ለተቀመጠለት ሕመምተኛ ነው፤ ያንንም ሐኪሙ እስከ ስንት ቀን እንደሆነ ይነግረዋል። ይህችን አንዲት ልዩነት ያላወቀ ቤተሰብ ሕመምተኛውን ለብቻው በጓዳ ያስቀምጠዋል።

ወደ ምልክቱ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ በታይላንድ፣ በሳሙት ፕራካን አውራጃ ያገለገለ የኮባልት-60 የሕክምና መሣሪያ በብረት ለቃሚዎች እጅ ወደቀ፤ በጋዝ እሳት ተቆረጠ። አሥር ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፣ ሦስቱ ሞቱ። በዚህኛው መሣሪያ ላይ ሦስቱ ክንፎች ነበሩበት። ነገር ግን ምልክቱን ያየው ሠራተኛ ምን ማለት እንደሆነ አላወቀም፤ በታይ ቋንቋ የተጻፈ ማስጠንቀቂያም አልነበረበትም። በገዛ አገሩ፣ በገዛ ፊደሉ ማንበብ የሚችል ሰው በባዕድ ምልክት ተሸነፈ።

በአገራችን በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወላጆቻችሁ ወይም አያቶቻችሁ ያስታውሱታል። ዘመቻው ከጊዜ በኋላ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተካሂዷል፤ ሰው ማንበብ የሚማረው በሚያውቀው ቋንቋ እንደሆነ የተረዳ ሥራ ነበር። ዛሬ ግን ወደ አገራችን የሚገባው መሣሪያ ሁሉ መመሪያው በእንግሊዝኛ፣ በቻይንኛ ወይም በጀርመንኛ ነው። እኛም ራሳችን ሳይንስን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተምረን በእንግሊዝኛ እናስተምራለን፤ ቃሉ ከክፍል ወጥቶ እስከ እናቶቻችን ምድጃ አይደርስም። በአማርኛ ያለን ቃል ደግሞ ጨረር ነው። ጨረር ምንድን ነው? የፀሐይ ነው፣ የጨረቃ ነው፤ ባለቅኔ የሚያወድሰው፣ ሕፃን የሚስቅበት ነው። ጨረራ ብለን በአንድ ፊደል ለይተን ለባለሙያ ሰጥተነዋል፤ ለመንገደኛው ግን በቃሉ ውስጥ ተጠንቀቅ የሚል ነገር የለም። መዝገበ ቃላት እናሻሽል ማለቴ አይደለም። ቃሉ ብቻውን ሥራውን አይሠራልንም፤ ከአጠገቡ ሌላ ዐረፍተ ነገር ያስፈልገዋል ማለቴ ነው።

በየማለዳው በየሰፈራችን ሲያልፍ የምንሰማው ቁራሌው፣ ቆርቆሮ ያለው ብሎ የሚጣራው ወጣት፣ የጎያኒያዎቹን ወጣቶች ሥራ የሚሠራ ነው። የገዛው ብረት መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። እዚያ ከበርሜል ምድጃ፣ ከጎማ ባልዲ ይወጣል፤ እኔ በበኩሌ ከብዙ ዎርክሾፖች የበለጠ ብልሃት አይቼበታለሁ። የቀረው ቁርጥራጭ ወደ ብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ይሄዳል። የሜክሲኮው ታሪክ እዚህ ላይ ሊታወስ ይገባል። በሲውዳድ ኋሬዝ ከተማ ለዓመታት ሳይሠራ የተቀመጠ የኮባልት-60 መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1983 መጨረሻ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ተሸጠ። ኮባልቱ ከብረቱ ጋር ቀለጠ፤ የግንባታ ፌሮና የጠረጴዛ እግር ሆኖ ተሸጠ። የታወቀውም ፌሮ የጫነ መኪና በጃንዋሪ 1984 በአጋጣሚ በአሜሪካ የሎስ አላሞስ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ አጠገብ ሲያልፍ እዚያ የነበረው የጨረራ መጠቆሚያ ስለጮኸ ነው። መኪናው በሌላ መንገድ ቢሄድ ኖሮ ስንት ቤት በዚያ ፌሮ ይሠራ እንደነበር አስቡት።

ይህ ሁሉ የሆስፒታል ጉዳይ እንጂ የዩኒቨርሲቲ አይደለም የሚል ካለ ደልሂን ልጥቀስለት። እ.ኤ.አ. በ2010 በሕንድ ማያፑሪ በተባለው የቁርጥራጭ ብረት ገበያ አንድ ሠራተኛ በጨረራ ሞተ፣ ሌሎችም ሆስፒታል ገቡ። ምንጩ ሲፈለግ የደልሂ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1968 ተገዝቶ ከ1985 ጀምሮ ያለ ሥራ የቆመ የጋማ መሣሪያ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ሲጸዳ በጨረታ ተሽጦ ነበር። መሣሪያውን የገዙት፣ በላዩ የተመራመሩት መምህራን ጡረታ ወጥተው ወይም ሞተው ይሆናል፤ ኮባልቱ ግን በሥራው ላይ ነበር። የሳይንስ ፋኩልቲ ማለት ማንበብ የሚችሉ ሰዎች የተሰበሰቡበት ቤት ነው። ንባቡ ከሰው ወደ ሰው ካልተላለፈ ግን ያ ቤት በአንድ ትውልድ ውስጥ ማይም ይሆናል። በውጭ አገር የዶክትሬት ትምህርቴን ስከታተል በነበርኩበት ቤተ ሙከራ እያንዳንዷ ራዲዮአክቲቭ ምንጭ ስትገዛ መጀመሪያ የሚሞላው መስመር መጨረሻ ላይ ማን እንደሚወስዳት ነበር። ሰልችቶኝ እንደነበር አልሸሽግም፤ ዛሬ ግን ከተማርኳቸው ብዙ ቀመሮች በላይ አስታውሰዋለሁ።

ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ፣ አገራችን ከተመሠረተበት ከ1957 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አባል የሆነችበት ድርጅት፣ የሦስቱን ክንፎች ድካም ተገንዝቧል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2007 ከዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ጋር አዲስ ምልክት አወጣ። በቀይ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ከላይ ጨረር የሚረጩ ክንፎች፣ ከሥር የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው አሉበት። ምልክቱ የተመረጠው ጎረቤታችንን ኬንያን ጨምሮ በ11 አገሮች፣ ዕድሜያቸውና ትምህርታቸው በተለያየ 1,650 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ነው። ይህ አሠራር ያስመሰግናል፤ ስለ ምልክት ትርጉም ምልክቱን የሚያነበውን ሰው መጠየቅ ከ60 ዓመት በኋላም ቢሆን ጥሩ ነው። የሚለጠፈውም ከውጭ ሳይሆን መሣሪያውን መፍታት የጀመረ ሰው ብቻ በሚያየው ቦታ ነው። ግን ምልክቱ በየበሩ ያሉትን ሦስቱን ክንፎች አልተካም፤ ሩጥ እንጂ ለማን ተናገር አይልም፤ ቀድመው ለተሠሩትና በየመጋዘኑ ለቆሙት መሣሪያዎችም በራሱ ሄዶ አይለጠፍም።

አደጋው በቴክኖሎጂው በራሱ እየቀለለ የሚሄድበት መንገድም አለ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት ሕሙማን የታከሙት በኮባልት-60 መሣሪያ ነው፤ ብዙ ነፍስም አትርፏል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአገራችን ሥራ የጀመሩት ሊኒየር አክሰለሬተሮች ግን ጨረሩን የሚፈጥሩት በኤሌክትሪክ ነው። ሶኬታቸው ከተነቀለ ጨረር የለም፤ ቁራሌው ቢገዛቸው የሚያገኘው በአብዛኛው መዳብና ብረት ነው። ኮባልት ግን መብራት ቢጠፋም አይጠፋም። በሌላ በኩል አክሰለሬተር የማያቋርጥ ኃይልና ጠጋኝ ይፈልጋል፤ መለዋወጫ ሲጠፋ ሕመምተኛው ወረፋ ላይ ይቀራል። ስለዚህ አሮጌው ነገ ይጠፋል ብለን አንተኛ። ሴሲየም-137 በ30 ዓመት በግማሽ ይቀንሳል፤ ከሺህ አንድ እጅ ለመድረስ 300 ዓመት ይወስድበታል። ከ300 ዓመት በፊት በጎንደር አፄ በካፋ ነግሠው ነበር። የዚያን ዘመን ብራና ዛሬ ዲያቆን ሁሉ ያነበዋል፤ ፊደላችን ለዚህ የሚበቃ ዕድሜ አለው። የጎደለው በፊደሉ የሚጻፈው ነው።

ለአገራችን ልጆች ደግሞ ከጨረራ የቀረበ ፈተና አለ። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በ2013 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነት በ2015 ዓ.ም. በስምምነት ከቆመ በኋላም ሜዳ ላይ የቀሩ ያልፈነዱ ጥይቶችና ቦንቦች እረኞችንና ሕፃናትን አቁስለዋል፣ ገድለዋል። በእነዚህ ላይ የተጻፈው ነገር ለጦር መሣሪያ ባለሙያ የተጻፈ ቁጥር ነው። ልጁ የሚያየው የሚያብለጨልጭ ብረት ነው፤ የሚሸጥ ብረት።

ስለዚህ እኔ የምለው እንዲህ ነው። ማንኛውም የጨረራ ምንጭ ያለበት መሣሪያ ወደ አገር ሲገባ ፈቃድ ሰጪው አካል ከወረቀቱ ጋር ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ መጨረሻ ላይ ማን መልሶ እንደሚወስደው የሚያስገድድ ውል፣ እንዲሁም በሚቀመጥበት አካባቢ ሕዝብ ቋንቋ የተቀረጸ ማስጠንቀቂያ። በብረት ማቅለጫዎቻችን መግቢያ የጨረራ መጠቆሚያ ይተከል፤ ዋጋው ተበክሎ ከሚዘጋ ፋብሪካ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ከሁሉ በፊት ግን ከቁርጥራጭ ብረት ነጋዴዎች ጋር እንነጋገር። ሲነገራቸው ይሰማሉ፤ ብረት በክብደቱ፣ በድምፁ፣ በቀለሙ የሚለዩ ሰዎች ናቸው። መጠኑ ትንሽ ሆኖ ከልክ በላይ የሚከብድ፣ ሳይሞቅ የሚሞቅ፣ በጨለማ የሚያበራ ነገር ሲያጋጥማቸው እንዳይቆርጡት ለመንገር ዲግሪ አያስፈልግም። ዋጋውን የሚከፍላቸው ቢገኝ ደግሞ ይበልጥ ይሰማሉ፤ ያገኘውን ያስረከበ ሰው የቀን ገቢውን ማጣት የለበትም።

ማስጠንቀቂያው ምን ይበል? እኔ ከጻፍኳቸው ረቂቆች አንዱ ይህ ነው፤ «አትክፈተው። አትቍረጠው። በውስጡ የማይታይ ገዳይ አለ። ራቅ ብለህ ለፖሊስ ተናገር።» አንድ ባልደረባዬ «የማይታይ ገዳይ» የሚለው ሰይጣን ያስመስለዋል፣ ጸበል ሊረጩበት ይችላሉ አለኝ፤ አልተሳሳተም። ሌላዋ ደግሞ «ለፖሊስ» የሚለውን ያነበበ ብረት ለቃሚ ጥሎት ይሸሻል እንጂ አይናገርም፣ «ለጤና ጣቢያ» በለው አለችኝ። እርሷም አልተሳሳተችም። በቢሮ ተቀምጠን እስከ ነገ ብንከራከር አንጨርሰውም፤ የ2007ቱ ምልክት የተመረጠው ሰው ተጠይቆ ነው። በዚህ ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ የ4ኛ ዓመት ተማሪዎች ካላችሁ ሦስት አራት ረቂቅ ጽፋችሁ፣ የድሮውንና የአዲሱን ምልክት አትማችሁ፣ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት ምናለሽ ተራ ሂዱ። ከአራት ኪሎ መርካቶ በአንድ ታክሲ ይደረሳል። ስትጠይቋቸው መልሱን አታቀብሏቸው፤ የሚሉትን ቃል በቃል ጻፉ።